የተበተነ ፊደል እንዴት ይሰበሰባል?

ልጄ፣ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ከበራፌ ተቀምጠህ በስልክህ የምትጫወተውን አያለሁ። አምስት ስድስት ፊደል በክብ ተበትኖ ይመጣልሃል፤ በጣትህ እያያያዝክ ቃል ታወጣለህ፤ ሲያቅትህ የአምፖሏን ምልክት ትነካለህ፣ እሷም አንድ ፊደል ትገልጥልሃለች። አልነቅፍህም። «አባባ፣ እርስዎ የጋዜጣውን እንዴት ነው እንዲህ ቶሎ የሚያገኙት?» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ግን፣ መልሱ ባንድ ትንፋሽ የሚነገር አይደለምና ጽፌ ሰጥቼሃለሁ። እንደምታውቀው ዕድሜዬን በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተበተነ ፊደል መሰብሰብ እንጀራዬ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ሐሳብ ከልብህ አውጣ። ይህ ጨዋታ ብዙ ቃል የሚያውቅ ሰው ጨዋታ አይደለም። ሦስት ቋንቋ የሚናገሩ የተማሩ ሰዎች ባለ አምስት ፊደል ቃል አፍጥጠው ሲያዩ ውለው ሲሸነፉ አይቻለሁ። የሚያሸንፈው የማይሆነውን ቶሎ የሚጥለው ነው። ሒሳቡን ተመልከት። አምስት የተለያዩ ፊደላት በ120 መንገድ ይደረደራሉ። ስድስት ሲሆኑ 720፣ ሰባት ሲሆኑ 5,040 ነው። ይህን ሁሉ በግምት ልሞክር ያለ ሰው አመሻሹን ዓይኑን ሲያሽ ታገኘዋለህ። ከአምስቱ ሁለቱን ቦታ ካስያዝክ ግን የሚቀሩህ ስድስት አደራደሮች ብቻ ናቸው። ስድስቱን ደግሞ ሻይህ ሳይበርድ ትጨርሳቸዋለህ።

በአማርኛው እንየው። ነ፣ ደ፣ ት፣ ጓ፣ ኝ ብለው በትነው ሰጡህ እንበል። አትገምት። «ነ» እና «ት» አብረው ካየህ ወደ መጨረሻ ውሰዳቸው፤ ደግነት፣ ሰውነት፣ ወንድምነት ሁሉ በዚያ ነው የሚያልቁት። የቀሩህ ጓ፣ ደ፣ ኝ ናቸው። በ«ኝ» የሚጀምር ቃል ፈልገህ አታገኝም፤ «ጓ» ፊት መቆም ይወዳል። ጓደኝነት። አየህ፣ ቃሉን የፈለገው ማንም አልነበረም፤ ጭራው ተያዘና መጣ።

ሌላው ጭራ የመሣሪያና የቦታ ስም ጭራ ነው። ረ፣ ያ፣ መ፣ ጊ፣ ጥ ቢሰጡህ፣ «መ» ወይም «ማ» ካለ ከፊት አቁመው፣ «ያ» ካለ ከኋላ። አሁን ሣልስ ፊደል ፈልግ፣ ማለት ቢ፣ ጊ፣ ሪ፣ ኪ የመሰለውን። ሣልስ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከ«ያ» በፊት ይቆማል፦ መማሪያ፣ መኖሪያ፣ ማረፊያ። እንግዲህ «ጊያ» ተገኘ። የቀሩት «ረ» እና «ጥ» ብቻ ናቸው፤ ሁለት ሙከራ። መጥረጊያ። «ያ» ከሌለ ደግሞ ዘመዶቹን ፈልግ፦ ጫ፣ ቻ፣ ሻ፣ ጃ። መቁረጫ፣ መክፈቻ፣ መሸሻ፣ መውረጃ። ይህችን አንዲት ትምህርት በደንብ ከያዝክ የአማርኛ ጨዋታ አዘጋጆች ከሚሰጡህ ቃላት ብዙዎቹ እጃቸውን ይሰጡሃል።

የእኛ ፊደል ለፈቺው የሚያደላበት አንድ ነገር አለ። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ነው ያለው፤ አናባቢው ለብቻው ተነቅሎ ይበተናል። የእኛ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ሲቆጠሩ 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹን ሳንጨምር፤ አናባቢውም ከፊደሉ ጋር ታስሮ ነው የሚመጣው። «ሰላም» እና «ምላስ» በድምፃቸው እንዴት ቅርብ እንደሆኑ እይ። ሲበተኑ ግን «ሰ» የመጀመሪያውን፣ «ስ» ሁለተኛውን ያጋልጣሉ። ስለዚህ አማርኛ ሲሰጡህ ዓይንህን ፊደሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ቤቱም ላይ ጣለው፤ ግዕዝ ነው፣ ሳድስ ነው፣ ራብዕ ነው እያልክ። የማተሚያ ቤት ሳጥናችን ከፈረንጆቹ ሳጥን የሚሰፋው በዚሁ ምክንያት ነበር። እጅ መልመድ ያለበት የፊደሉን መልክ ብቻ ሳይሆን የተቀመጠበትንም ቤት ነው።

ይሁንና ይህ ማድላት የሚያበቃበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። ባለ ሦስት ፊደል ያለፈ ጊዜ ግሥ ሲሰጡህ ብዙ ጊዜ ሦስቱም ፊደላት ግዕዝ ይሆናሉ፣ ቤቱ ምንም አይነግርህም። መ፣ ከ፣ ረ ቢሰጡህ መልስህ ምንድን ነው? መከረ ነው? ከመረ ነው? ከረመ ነው? ሦስቱም ልክ ናቸው። ቀበረና ቀረበም፣ ለቀመና ቀመለም እንዲሁ ናቸው። ጥሩ አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ያለ ፍንጭ አይሰጥም፤ «ክረምቱን አጎቱ ዘንድ…» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ጀምሮ ይተውልሃል። ፍንጭ የሌለው ከሆነ ጥፋቱ የአንተ አይደለም፣ ሦስቱንም ጻፍና እለፍ። የሞክሼ ፊደላትም ነገር እንደዚሁ ነው። አንዱ ፀሐይ ይላል፣ አንዱ ጸሀይ ይላል። ከአዘጋጁ ጋር አትከራከር፤ ሁለት ሦስት ጨዋታውን ሥራና ልማዱን እወቅ። በአዘጋጁ ልማድ መፍታት ግማሽ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ የተማርኩት በእጄ እስክሪብቶ ይዤ እንዳይመስልህ። በወጣትነቴ አራት ኪሎ ጋዜጣ ይከራይ ነበር። ከመንገዱ ዳር ደረጃው ላይ ተቀምጠህ፣ ሳንቲም ከፍለህ፣ አንብበህ ትመልሳለህ። አብዛኛው ሰው የሥራ ማስታወቂያ ፍለጋ ነበር የሚመጣው። የተከራየኸው ጋዜጣ ላይ መጻፍ ክልክል ነው፤ ብዕር ያሳረፈበት ገዛው ማለት ነው። እኛ የቃላት ጨዋታ ወዳዶች ስለዚህ ሁሉንም በጭንቅላታችን ነበር የምንሠራው። አግድሙንም ቁልቁሉንም በሐሳባችን ሞልተን፣ ንጹሑን ጋዜጣ አጣጥፈን ለባለቤቱ እንመልሳለን። ማንም እንዲህ ይጀምር አልልም። እርሳስና ወረቀት እያለ ጭንቅላትን ማስጨነቅ ጥቅም የለውም። ግን አንዳንዴ፣ ባንክ ወረፋ ስትጠብቅ ወይም ወደ ድንበሯ ከተማ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ፣ ሞክረው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው ልምጣ፣ በምንኖርባት ሐርጌሳ እጅህ የሚገባው ብዙው እሱ ስለሆነ። በሐምሌና በነሐሴ ከእንግሊዝ አገር ዘመድ ጥየቃ የሚመጡት የጎረቤቶቻችን ልጆች ጥለውልን የሚሄዱት ጋዜጣ አለ፤ የቀረውን ከስልክ ታገኛለህ። በዓለም ላይ ከታወቁት የተበተነ ፊደል ጨዋታዎች አንዱ ጃምብል የሚባለው ነው። ማርቲን ኔይድል የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ጀመረው፤ ያኔ ስሙ ስክራምብል ነበር። አራት የተበተኑ ቃላት ይሰጡሃል፣ ሁለቱ ባለ አምስት፣ ሁለቱ ባለ ስድስት ፊደል። ከየቃሉ በክብ የተከበቡትን ፊደላት ሰብስበህ ደግሞ ከሥዕሉ ጋር የሚሄደውን የመጨረሻ መልስ ታወጣለህ። ያ የመጨረሻው መልስ ሁለት ትርጉም ያለው ቀልድ ነው። ሰምና ወርቅ ሲሰማ ላደገ ሰው ባዕድ ነገር አይደለም፤ ፈረንጆቹ በሥዕል አደረጉት እንጂ። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ካውንትዳውን የሚባል የቴሌቪዥን ውድድር አለ፤ ማብቂያው ላይ ባለ ዘጠኝ ፊደል ቃል ተበትኖ ይመጣል፣ የሚሰጠው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። ከካርዲፍ የመጡት ልጆች ያውቁታል፣ ጠይቃቸው።

ለእንግሊዝኛው የምመክርህ ጥቂት ነው። ፊደሎቹን በመስመር አትጻፍ፤ አዘጋጁ ያሳሳተህ በዚያው መስመር ነውና። በክብ ጻፋቸው፣ አናባቢዎቹን ለብቻ አውጣቸው። ከዚያ አብረው የሚሄዱትን ፈልግ፦ ቲ ከኤች፣ ሲ ከኤች፣ ኤስ ከኤች። አይ፣ ኤን፣ ጂ ካሉ መጨረሻ ላይ አስቀምጣቸው፤ ኢ እና አር ወይም ኢ እና ዲ ካሉም እንዲሁ። እንግሊዝኛን በጆሮ የተማርን ሰዎች የምንወድቀው ድምፅ በማይሰጡት ፊደላት ላይ ነው። ቲ፣ ኤል፣ ጂ፣ አይ፣ ኤች ቢሰጡህ ጆሮህ «ጂ»ን ምን እንደሚያደርጋት አያውቅም። ዓይንህ ግን ጂ፣ ኤች፣ ቲ አንድ ላይ ሲቆሙ ብዙ ጊዜ አይቷል። አሰልፋቸው፣ ኤልና አይ ከፊት ይመጣሉ፤ ላይት ነው፣ ብርሃን። ይህ ጨዋታ ለእንግሊዝኛ አጻጻፍህ ከብዙ ትምህርት ይልቅ ይጠቅምሃል ብል አላጋነንኩም።

ሶማልኛውን ግን አትዝለለው። እዚህ አገር እየኖርክ፣ እንጀራህን እዚህ እየበላህ፣ የገበያውን ቋንቋ ብቻ ይዘህ መቅረት አይገባህም። ሶማልኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1972 ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የሶማሊያ ተማሪዎች ማንበብና መጻፍ ሊያስተምሩ ወደ ገጠር ተላኩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእኛም ተማሪዎች ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥተዋል፤ ሁለቱ ዘመቻዎች እንዲህ ጎን ለጎን መሆናቸው ሁሌ ይገርመኛል። ከአጥራችን ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤቴ ከእነዚያ የሶማሊያ ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ተሰደው ኢትዮጵያ ውስጥ ሐርታ ሼክ መጠለያ ከርመዋል፤ አማርኛቸውን የለቀሙት እዚያ ነው።

እኔና እሳቸው ከቀትር በኋላ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ጫቱ ከኢትዮጵያ ገብቶ፣ ከተማው እስከ አሱር ሶላት ሲያርፍ፣ ሻያችንን ይዘን ጨዋታ እንሠራለን። እሳቸው በማያውቁት ቃል ላይ እንኳ መጀመሪያውን ከእኔ ቀድመው ያገኛሉ። እኔ ደግሞ መጨረሻውን ቀድሜ አገኛለሁ። ብዙ ጊዜ ሳስበው ምክንያቱ ግጥም ይመስለኛል። የሶማሌ ግጥም መስመሮቹን የሚያያይዘው በመነሻ ድምፅ ነው፤ ግጥሙ በ«ገ» ከሄደ እያንዳንዱ መስመር በ«ገ» የሚጀምር ቃል መያዝ አለበት። የእኛ ግጥም ቤት የሚመታው መጨረሻ ላይ ነው። የእሳቸው ጆሮ ራሱን፣ የእኔ ጆሮ ጭራውን እያደነ ነው ያደገው። ስለዚህ ብቻህን አትጫወት፣ ከሶማሌ ልጅ ጋር ተጫወት። አንተ ጭራውን ያዝ፣ እሱ ራሱን ይያዝ፤ መሐሉ ለብቻው የሚያስቸግር ነገር አይኖረውም።

የሶማልኛ ቃል ሲበተን የምትይዘው ነገር ይህ ነው። ረጅም አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ሲ፣ ኤን፣ ኤ፣ ኦ፣ ኤ ቢሰጡህ ሁለቱን ኤ ጎን ለጎን አቁማቸው፣ ከዚያ የቀረው ቀላል ነው፤ ዓኖ፣ ወተት። «ሲ» በሶማልኛ የእኛ «ዐ» መሆኗን አትርሳ። ፒ፣ ቪና ዜድ በሶማልኛ ፊደል ውስጥ የሉም። በእንግሊዝኛ «ኪው» ካየህ ከኋላዋ «ዩ» ፈልግ ይሉሃል፤ በሶማልኛ ግን ይህን ካመንክ ትጠፋለህ። ኪው፣ ዩ፣ ኤስ፣ ዩ ሱቅ ነው፣ ገበያ፤ «ኪው» መጨረሻ ላይ ቆማለች። ያንዱን ቋንቋ ሕግ ወደ ሌላው ይዞ መሄድ ከሁሉ የከፋው ልማድ ነው። ጎረቤቴ ከዚህ ጨዋታ ይልቅ ሐል ሒዳሌን፣ የእነሱን እንቆቅልሽ፣ ያከብራሉ፤ አሸዋ ላይ የሚሠሩትን ሻሕንም እንዲሁ። ስለ ሻሕ የሒሳብ ሰው የሆኑት ጃማ ሙሴ ጃማ መጽሐፍ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የሐርጌሳ የመጻሕፍት አውደ ርዕይም የእሳቸው ልፋት አለበት። በሐምሌ ሲካሄድ አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን።

አሁን የምነግርህን ከሁሉም በላይ ያዘው። ፊደሎቹ ስለገጠሙ ብቻ መልሱ ተገኘ አትበል። እ.ኤ.አ. በ1610 ጋሊሊዮ ሳተርንን በመነጽሩ ሲያይ ፕላኔቱ ሦስት ሆኖ ታየው። ግኝቱን ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፈለገ፣ ገና ሳያረጋግጥ እንዲታወቅበትም አልፈለገም። ስለዚህ ነገሩን በላቲን ጽፎ ፊደሎቹን በታትኖ ላከው። ትልቁ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኬፕለር ተቀምጦ ታገለውና ማርስ ሁለት ጨረቃ አላት የሚል መልስ አወጣበት። ያወጣው ላቲን የተንሻፈፈ ነበር፣ እሱም ያውቀዋል፤ ግን ማርስ ሁለት ጨረቃ ሊኖራት ይገባል ብሎ ያስብ ስለነበር ተቀበለው። የሚያስቀው ደግሞ ማርስ እውነትም ሁለት ጨረቃ አላት፤ አሳፍ ሆል የሚባል አሜሪካዊ በ1877 አገኛቸው። ጋሊሊዮ የጻፈው ግን ያንን አልነበረም። እንግዲህ አንተም ያወጣኸው ቃል ካነከሰብህ፣ ማንም ሲናገረው ካልሰማህ፣ ደስ ቢልህም ተወው። ልብህ አስቀድሞ የወደደውን መልስ ነው አጥብቀህ መጠርጠር ያለብህ።

ስለ ስልኩም ልንገርህ። ፊደል ስታስገባለት መልሱን የሚተፋልህ ገጽ አለ፤ ጥበበኛ ይመስልሃል፣ አይደለም። የሚያደርገው ይህን ብቻ ነው፦ የሰጠኸውን ፊደላት በሀ ሁ ተራ ይደረድራል። በመዝገበ ቃላቱ ያሉትንም ቃላት ሁሉ እንዲሁ አስቀድሞ ደርድሮ አስቀምጧል። ከዚያ አንድ ዓይነት የሆኑትን ያወጣል። መከረም፣ ከመረም፣ ከረመም በሀ ሁ ተራ ሲደረደሩ መ፣ ረ፣ ከ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሦስቱንም አብሮ ያመጣቸዋል። ከሦስቱ የትኛው ከፍንጩ ጋር እንደሚሄድ መምረጡ ያንተ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ይህን ዘዴ አንተም በእጅህ ልትሠራው ትችላለህ፤ ስትጨናነቅ ፊደሎቹን በሀ ሁ ተራ ደግመህ ጻፋቸው። አዘጋጁ ሆን ብሎ የሠራው አሳሳች አደራደር ይፈርሳል፣ ዓይንህም ነጻ ይወጣል።

በወረቀትና በስልክ መካከል አስታርቀኝ ካልከኝ ለወረቀቱ እፈርዳለሁ። ምክንያቴ ወግ አጥባቂነት አይደለም። ወረቀት ላይ ሰርዘህ፣ ከበህ፣ ዳር ላይ ጽፈህ ትሠራለህ፤ የወደቀው ሙከራህ ፊትህ ስለሚቀር ሁለተኛ አትደግመውም። ስልክ የወደቀውን ወዲያው ያጠፋልሃል፣ አንተም ያንኑ ስሕተት ደጋግመህ ትሠራለህ። ደግሞም የጋዜጣ መልስ በማግሥቱ ነው የሚወጣው፤ ሌሊቱን ስትተኛ እንኳ ቃሉ በውስጥህ ይሠራል። ጠዋት ፊትህን ስትታጠብ ድንገት ብቅ ሲል ታገኘዋለህ። አምፖሏን የሚነካ ሰው ይህን ደስታ አያውቀውም። ስልኩ የሚበልጥበትን ደግሞ አልክድም፤ ወረቀት በሌለበት አለ፣ ማታ ያበራል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ አማርኛውን እዚህ ሐርጌሳ ተቀምጠህ ማግኘት ትችላለህ። ብቻ ሰዓት ቆጣሪውን አጥፋው። አምፖሏን አትንካ። ከስልኩ ያየኸውን ፊደል ወረቀት ላይ በክብ ገልብጠህ ሥራ።

ይህ ጨዋታ አእምሮን ከመርሳት ይጠብቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልምልልህም። ሀብታምም አያደርግህም። ከቀትር በኋላ ያሉትን ሰዓታት ግን ከሐሜትና ከስልክ ወሬ ያወጣልሃል። እንግሊዝኛህን ያቃናልሃል፣ ሶማልኛህን ያስጀምርሃል፣ አማርኛህም እዚህ ባዕድ አገር ዝጎ እንዳይቀር ያደርጋል። ለእኔ ይህ ይበቃል።

እስከ ነገ ማታ ይህችን ሠርተህ አምጣልኝ፦ ሻ፣ ወ፣ ማ፣ ታ፣ ስ። ፍንጩ፦ ለጨዋታው ወረቀት ስትይዝ ከኪስህ የማትጠፋ ትሁን። ስልክህን እንዳትጠይቅ።